የወንዝ በረዶ ግድብ

የወንዝ በረዶ ግድብ በቀዝቃዛ አገሮች በወንዝ ላይ የሚንሳፈፉ የበረዶ ስብርባሪዎች በአንድ ቦታ ተከማችተው የውሃውን መተላለፊያ ሲዘጉ ወይም ሲያጠቡ የሚፈጠር ክምር ነው። በሳይቤሪያ፣ በካናዳ፣ በአላስካ እና በሰሜን አውሮፓ የታወቀ ክስተት ነው። ከዝናብ ጎርፍ የሚለየው ወንዙ ብዙ ውሃ ባይሸከምም እንኳ ከዳርቻው አልፎ ሊፈስ መቻሉ ነው።

አፈጣጠር

ግድቡ በሁለት ጊዜያት ይፈጠራል። የመጀመሪያው ብርዱ ሲገባ ነው። የሚናወጥ ውሃ ሙቀቱ ከ0 ዲግሪ ሴልሺየስ በጥቂቱ ዝቅ ሲል በውስጡ ደቃቅ የበረዶ ቅንጣቶች ይፈጠራሉ። ቅንጣቶቹ እርስ በርስ እየተጣበቁ ይወፍራሉ፤ ከዚያም ወንዙን በከደነው በረዶ ሥር ገብተው ይከማቻሉ።

ሁለተኛውና ብዙ ጊዜ አደገኛው ብርዱ ሲያበቃ የሚፈጠረው ነው። በአካባቢው የተከመረው አመዳይ ሲቀልጥ ወይም ዝናብ ሲጥል ወንዙ ይሞላል። እየጨመረ የሚሄደው ውሃ የበረዶውን ክዳን ከሥሩ ያነሣውና ይሰባብረዋል። ስብርባሪው ከወንዙ ጋር እየተጓዘ ጠባብ ኩርባ፣ ደሴት፣ የድልድይ ምሰሶ፣ ጥልቀት የሌለው ቦታ ወይም ገና ያልተሰበረ በረዶ ሲያጋጥመው ይቆማል። ከኋላ የሚመጣው ደግሞ በላዩና በሥሩ ይደራረባል።

እንደ ሌና እና ማኬንዚ ያሉ ወደ ሰሜን የሚፈሱ ወንዞች ለዚህ ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው። በደቡብ ያለው የላይኛው ክፍላቸው ቀድሞ ሲቀልጥ፣ በሰሜን ያለው የታችኛው ክፍል ገና በጠንካራ በረዶ እንደተሸፈነ ይቆያል።

ጎርፉ እንዴት እንደሚመጣ

ተንሳፋፊ በረዶ ከውፍረቱ 9/10ኛ ያህሉ ከውሃው ወለል በታች ነው። ስለዚህ ወፍራም ክምር የወንዙን መተላለፊያ በእጅጉ ያጠበዋል። የክምሩ ሸካራ ሆድም የውሃውን ፍጥነት ይቀንሳል። ያው የውሃ መጠን ለማለፍ ወንዙ ከፍ ማለት ስላለበት፣ ከግድቡ በላይ ያለው ከፍታ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ በበርካታ ሜትር ሊጨምር ይችላል። የግድቡን ቦታና ጊዜ አስቀድሞ መገመት አዳጋች በመሆኑ ነዋሪዎች ለመሸሽ ያላቸው ጊዜ አጭር ነው።

የግድቡ መለቀቅ

የተጠራቀመው ውሃ ግፊት ክምሩን ከያዘው ኃይል ሲበልጥ ወይም በረዶው በሙቀት ሲዳከም ግድቡ ይለቀቃል። በዚህ ጊዜ ከላይ ያሉት ሰዎች እፎይ ሲሉ አደጋው ወደ ታች ይሻገራል። የተለቀቀው ውሃ እንደ ማዕበል እየተምዘገዘገ ሲወርድ፣ የተሸከመው ትልልቅ በረዶ ቤቶችን፣ ዛፎችንና ድልድዮችን ይመታል። ስብርባሪው ወረድ ብሎ ሌላ ግድብ ሊፈጥርም ይችላል።

ታዋቂ አደጋዎች

በግንቦት 1993 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2001) በሩሲያ ሳኻ ሪፐብሊክ በሌና ወንዝ ላይ የተፈጠረ ግድብ የሌንስክን ከተማ አጥለቀለቀ። በረዶውን ለመስበር የጦር አውሮፕላኖች ቦምብ ጥለዋል። ከተማዋ ክፉኛ በመውደሟ እንደገና መገንባት አስፈልጓል።

በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2020) ደግሞ በካናዳ አልበርታ ግዛት በአታባስካ ወንዝ ላይ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ግድብ ተፈጠረ። ውሃው በፎርት ማክመሪ ከተማ መሐል ገብቶ 13,000 ያህል ሰዎች ቤታቸውን ለቀው ወጥተዋል።

መከላከያ

በረዶ ሰባሪ መርከቦች፣ በረዶን ቀድሞ በመጋዝ መቁረጥ እንዲሁም የፀሐይን ሙቀት እንዲስብ ጥቁር አፈር ወይም አመድ መበተን ከሚታወቁት ዘዴዎች ናቸው። በፈንጂ መስበር የሚጠቅመው ስብርባሪው የሚሄድበት ክፍት ውሃ ከታች ካለ ብቻ ነው፤ አለዚያ ግድቡ ቦታ ከመቀየር አያልፍም። ከሁሉም በላይ የወንዙን ከፍታ መከታተል፣ ነዋሪዎችን በጊዜ ማስጠንቀቅና በዝቅተኛ ዳርቻ ቤት አለመሥራት ሕይወት ያድናሉ።

ለተፈጥሮ ያለው ጥቅም

ይህ ጎርፍ ጥፋት ብቻ አይደለም። በካናዳ የፒስና የአታባስካ ወንዞች ደለላማ ምድር ከወንዙ ከፍ ብለው የሚገኙ ኩሬዎች አሉ። የወንዙ ውሃ ወደ እነዚህ ኩሬዎች በዋናነት የሚደርሰው በበረዶ ግድብ ጎርፍ ነው። ጎርፉ ለረጅም ዓመታት ሲቀር ኩሬዎቹ እየደረቁ፣ በእነርሱ የሚኖሩ አእዋፍና እንስሳትም መኖሪያ እያጡ ይሄዳሉ።