የተቆረጠው ጠርዝ፦ ከሬምብራንት ሸራ እስከ ሳሎናችሁ ፎቶ

ፎቶ በሸራ ላይ ስታሳትሙ አንድ ጥያቄ ይመጣል፦ «ጎኑ ምን ይሁን?» ሸራው በእንጨት ፍሬም ላይ ተወጥሮ ወደ ኋላ ሲታጠፍ በጎን የሚታየው ክፍል ማለት ነው። ጥያቄው ተራ ይመስላል። ጠርዝ ሲናቅ ምን እንደሚጠፋ ግን ታሪክ በደንብ ያሳየናል።

ሬምብራንት «የሌሊት ዘብ» የተባለውን ግዙፍ ሥዕል የጨረሰው እ.ኤ.አ. በ1642 ነው። በ1715 ሥዕሉ ወደ አምስተርዳም ማዘጋጃ ቤት ሲዛወር ለተመደበለት ግድግዳ ሰፋ። ታዲያ ምን ተደረገ? በአራቱም በኩል ተቆረጠ! ከግራው ብቻ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሄደ፤ እዚያ የነበሩ ሰዎችም አብረው ጠፉ። ቁራጮቹ እስከ ዛሬ አልተገኙም።

ምን እንደጎደለ የምናውቀው ጌሪት ሉንደንስ የተባለ ሠዓሊ ከመቆረጡ በፊት በትንሹ ገልብጦት ስለነበር ነው። በ2021 የራይክስሙዚየም ባለሙያዎች ይህን ቅጂ ይዘው የጎደለውን በሰው ሠራሽ አስተውሎት መልሰው ሠሩት፤ በሸራ ላይ አትመውም ከዋናው ሥዕል ጎን ለጊዜው ሰቀሉት። ያኔ መሀል ላይ የቆሙ የሚመስሉት ሁለቱ መሪዎች ወደ ቀኝ ፈቀቅ አሉ፤ ጓዱም ወደ ፊት የሚራመድ መሰለ።

ሸራ ራሱም ይመሰክራል። በምስማር ሲወጠር ክሩ ምስማሩ ባለበት ወደ ውጭ ይሳባል፣ በምስማሮቹ መካከል ግን ብዙም አይሳብም። ስለዚህ ጠርዙ አካባቢ ሽመናው እንደ ሞገድ ይታጠፋል፤ መነሻ ቅቡ ሲደርቅም እንዳለ ይቀራል። ባለሙያዎች ይህን በራጅ ያዩታል። ሞገዱ በአንድ በኩል ከሌለ፣ ያ ጎን ተቆርጦ ይሆናል ብለው ይጠረጥራሉ።

ድሮ ምስማሩንም ጠርዙንም ፍሬም ይሸፍናቸው ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ግን እነ ሞንድሪያን ሥዕሉን ከፍሬሙ ወደ ፊት አወጡት፤ ቆይቶም ብዙዎች ፍሬሙን ጨርሰው ተዉት። ሸራው በስቴፕል ከጀርባ ሲያዝ ጎኑ የሥዕሉ አካል ሆነ። የዛሬው የፎቶ ሸራም የዚህ ልማድ ወራሽ ነው።

አሁን እናስላ። ፎቶው 40 በ60 ሴንቲ ሜትር፣ የእንጨቱ ውፍረት 4 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ምስሉ ራሱ ወደ ጎን ከታጠፈ ፊት ለፊት የሚቀረው 32 በ52 ነው። ከ2,400 ካሬ ሴንቲ ሜትር 1,664 ብቻ! 31 በመቶ ገደማው ከፊት ጠፋ ማለት ነው። ዳር የቆመችው አክስታችሁ ግማሽ ፊቷ ጎን ላይ ይውላል።

መፍትሔ አለ። አንደኛው፣ የዳሩን 4 ሴንቲ ሜትር እንደ መስታወት ገልብጦ ጎኑ ላይ ማተም ነው፤ ፊቱ ሙሉ ይቀራል። ለሰማይና ለሣር ያምራል፤ ዳር ላይ ሰው ካለ ግን ፊቱ ድርብ ይሆናል። እንዲህ ከሆነ ጎኑን በአንድ ቀለም መሙላት ይሻላል።

የትኛውንም ብትመርጡ ያልተቆረጠውን ፋይል አትሰርዙት። የሬምብራንት ሥዕል እንኳ ሉንደንስ ነበረለት።