«ቡና ጠጡ» ያልተባለ ጎረቤት

የሃይማኖት ታሪካችን ሲጻፍ ነገሥታቱና ጳጳሳቱ አይቀሩም፤ የጎረቤት ነገር ግን ይቀራል። ሰው ከእምነቱ ሲወጣ ቀድሞ የሚያጣው ደግሞ የቡና ጥሪውን ነው።

ቡና ራሱ ከዚህ ጣጣ አላመለጠም። በ19ኛው ምዕተ ዓመት ለክርስቲያኑ «የእስላም መጠጥ» ተብሎ የተነወረ ነበር፤ ነገሩ የላላው በምኒልክ ዘመን ነው። እንግዲህ እንጦጦ ላይ ቤተ መንግሥት ሲሠራ፣ ዛሬ «የአባቶቻችን ባህል» የምንለው አቦልና ቶና ገና ያስወቅስ ነበር ማለት ነው። (ይህንን ለአክስቴ ብነግራት «ውሸታም ተማሪ!» አለችኝ።)

ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። በ1936 ዓ.ም. የወጣው የሚሲዮኖች ድንጋጌ አዲስ አበባን «ክፍት» ከተባሉት አገሮች መድቧት ነበር። ክፍትነቱ ግን ለውጭ አገር ሚሲዮን ነው። በ1959 ዓ.ም. ግድም አብዛኞቹ ተማሪዎች የሆኑ ወጣቶች ሙሉ ወንጌልን በራሳቸው አቋቁመው ምዝገባ ቢጠይቁ፣ ተከለከሉ። በ1964 ዓ.ም. ደግሞ እዚሁ አዲስ አበባ ለጸሎት እንደተሰበሰቡ 250 ያህሉ ታፍሰው ታሰሩ።

የባልንጀራዬ አያት ከነዚያ አንዱ ናቸው። ዛሬ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ስለ እስሩ ብዙም አያወሩ፤ የሚያወሩት ስለ ሰፈራቸው ነው። የንስሐ አባት የሌለው ፍትሐት የለውም፤ ፍትሐት የሌለው ደግሞ በቤተ ክርስቲያን ግቢ አይቀበርም። «ሞቼ የት እንደምገባ ሳላውቅ ነው ያገባሁት» ይላሉ እየሳቁ። እናታቸው ጽዋ በሚያወጡ ቀን እሳቸው ከቤት ይወጡ ነበር። ያው እውነቱን ለመናገር እሳቸውም ቢሆኑ ዕጣኑንና ቄጠማውን «የቆሌ ነው» ብለው የእናታቸውን ረከቦት ሸሽተዋል። በሩ ከሁለት ወገን ነው የተዘጋው።

አብዮቱ ሲመጣ ጥቂት ፋታ ተገኘ፤ ወዲያው ግን «መጤ ሃይማኖት» መባል መጣ። በ1974 ዓ.ም. መሠረተ ክርስቶስ ተዘግታ ንብረቷ ተወረሰ። ምእመናኑም በየቤቱ አራትም አምስትም እየሆኑ ይሰበሰቡ ጀመር። ታዲያ አያትየው እንደሚሉት ያን ጊዜ በር ሲንኳኳ የሚያድናቸው ያ የሸሹት ረከቦት ነበር፤ ቡና የሚጠጣ ሰው ማን ይጠረጥራል?

ባልንጀራዬ ዓምና ከመዘምራኑ ወጣ። ከማንም አልተጣላም፤ «አላምንም» ብቻ ነው ያለው። ስልኩ ዝም አለ። አብረውት ያደጉት ልጆች ደረጃው ላይ ሲያገኙት «እንጸልይልሃለን» ብለው ያልፋሉ። ይኸ ነገር የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በጥር 1985 ለአገራችን ረሀብ ጾመው ስድስት ሚሊዮን ዶላር ያህል ያዋጡት ሞርሞኖች፣ በ1833 በተሰጣቸው ትእዛዝ ምክንያት ቡና አይቀምሱም፤ ከነሱ የወጣ ሰው መውጣቱ የሚታወቀው አንዳንዴ ስኒ ሲያነሳ ነው። የእኛው ደግሞ ስኒ ሲያጣ።

ባለፈው እሑድ ቤታቸው ሄጄ ነበር። ቡናው እንደቀረበ አያትየው፣

«ጓደኞችህ ይመጣሉ?» አሉት።

«አይ አባባ፣ ከዚህ በቀር ማንም አይመጣም።»

«የኔም አልመጡም ነበር» አሉና የመጀመሪያውን ስኒ ወደሱ ገፋ አደረጉት።