ኦቲዝም፦ በጅዳና በመካ ለሚኖሩ ቤተሰቦችና የቤት ሠራተኞች

ኦቲዝም ከሕፃንነት ጀምሮ የሚኖር የአእምሮ እድገት ልዩነት ነው። ሰው ከሌላው ጋር የሚግባባበትን፣ ድምፅን፣ ብርሃንንና ንክኪን የሚቀበልበትን መንገድ ይለውጣል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ የእናት ጥፋትም፣ የክትባት ውጤትም፣ ቡዳም አይደለም። በዓረብኛ «ተወሑድ» ይባላል። ቃሉ ከግእዙ «ተዋሕዶ» ጋር ሥር ቢጋራም ዓረብኛው የሚያመለክተው አንድ መሆንን ሳይሆን ብቻ መሆንን፣ መነጠልን ነው። ስያሜው ራሱ ያሳስታል፤ ኦቲዝም ያለባቸው ብዙ ሰዎች ወዳጅ ይሻሉ፣ መቅረቢያው መንገድ ነው የሚቸግራቸው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም እንዳለበት ገምቷል። ከእነዚህ መካከል ሳይታወቁ የሚቀሩት ጥቂት አይደሉም። ሴቶች ልጆች ሌሎችን እየመሰሉ ችግራቸውን ስለሚሸፍኑ «ዓይን አፋር» ተብለው ይታለፋሉ። በልጅነታቸው ያልተመረመሩ አዋቂዎችም አሉ።

የውጭ አገር ነዋሪዎች ልጆች የሚታለፉበት ምክንያት ደግሞ ሌላ ነው። ቤት አማርኛ፣ ውጭ ዓረብኛ የሚሰማ ሕፃን አፉን ሳይፈታ ሲቆይ «ሁለት ቋንቋ ተምታቶበት ነው» ይባላል። ሁለት ቋንቋ ኦቲዝምን አያመጣም፤ አማርኛውን ከልጁ መንጠቅም አይፈውስም። ልጁ በ12 ወሩ ስሙ ሲጠራ ካልዞረ፣ በ18 ወሩ የፈለገውን በጣቱ ካላመለከተ፣ ወይም የነበሩትን ቃላት ካጣ መጠበቅ አይገባም። የ18 እና የ24 ወር የክትባት ቀጠሮዎች ሐኪሙን ለመጠየቅ ምቹ ናቸው። የጤና ሚኒስቴር የምክር መስመር 937 ነው። መርማሪው ልጁ ቤት ውስጥ የሚሰማው ቋንቋ አማርኛ መሆኑን አስቀድሞ ማወቅ አለበት፤ አለዚያ ዓረብኛ አለመረዳቱ ከኦቲዝሙ ጋር ይደባለቃል።

በጅዳ አል-ፈይሰሊያህ የሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1993 ያቋቋመው የጅዳ ኦቲዝም ማዕከል በዘርፉ ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። የአካል ጉዳተኞች መብት ሕግም እ.ኤ.አ. በ2023 ወጥቷል። የኢቃማ ባለቤቶች ግን ሕክምና ከመጀመራቸው በፊት የጤና መድኅናቸው የንግግርና የባሕርይ ሕክምናን እስከ ምን ያህል እንደሚሸፍን በጽሑፍ ቢጠይቁ ይበጃቸዋል።

እምብዛም የማይነገርላቸው የቤት ሠራተኞች ናቸው። ኦቲዝም ያለበትን ልጅ ከማንም በላይ ረጅም ሰዓት የምትይዘው አንዳንድ ጊዜ ኢትዮጵያዊት ሠራተኛ ናት፤ ስለ ሁኔታው የሚያስረዳት ግን ላይኖር ይችላል። ቴራፒስቱ የሚጠቀምባቸውን አጫጭር ቃላትና የሥዕል ካርዶች አሠሪዋን ጠይቃ ማወቅ አለባት፤ ልጁ ከሁለት ሰው ሁለት ዓይነት ትእዛዝ ሲሰማ ይጨነቃል። ዓይን ለዓይን እንዲያይ አይገደድ። ስሜቱ ሲገነፍል የቴሌቪዥኑን ድምፅና መብራቱን መቀነስ፣ አጠገቡ ያለውን ስለታም ነገር ማንሣትና በዝምታ መጠበቅ ከቁጣ ይሻላል። ልጁ ራሱን ወይም እሷን ከጎዳ በዚያው ዕለት ለአሠሪዋ በስልክ መልእክት ማሳወቅ ይኖርባታል፤ ዘግይቶ የታየ ቁስል ጥያቄ የሚያስነሣው በእሷ ላይ ነውና። ብዙዎቹ ልጆች ውኃ ይስባቸዋል። በመዋኛ ገንዳ አጠገብም ሆነ በጅዳ ኮርኒሽ ከእጅ ርቀት እንዳይወጡ።

ለዑምራ ወደ መካ የሚጓዝ ቤተሰብ በኑሱክ መተግበሪያ ፈቃድ ሲይዝ ሰው የሚቀንስበትን ሰዓት ይምረጥ። በላይኛው ፎቅ የሚደረግ ጠዋፍ ርቀቱ ቢረዝምም ግፊያው ይቀላል። ስልክ ቁጥር የተጻፈበት የእጅ አምባርና የጆሮ መድፈኛ አይረሱ። ልጅ ከጠፋ በመካም በጅዳም የሚደወለው 911 ነው።

ወደ አገር ቤት ለሚመለሱ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 የመሠረቱት ጆይ የኦቲዝም ማዕከል አለ። መሥራቿ፣ ራሳቸውም ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት፣ እ.ኤ.አ. በ2021 አርፈዋል። ከጉዞ በፊት የምርመራውን ውጤት ከሆስፒታሉ ተቀብሎ ማስተርጐም ያስፈልጋል፤ በዓረብኛ ብቻ የተጻፈ ወረቀት አዲስ አበባ ሲደርስ አንባቢ ላያገኝ ይችላል።