ድልድል ሲወጣ

«ድልድል ወጣ!» የተባለ ቀን መሥሪያ ቤት ውስጥ ተረጋግቶ ሻይ የሚጠጣ የለም፤ ሁሉም ማስታወቂያ ሰሌዳው ጋ ነው። ኩባንያ ሠራተኛ ሲቀንስ ደብዳቤ ይሰጣል። መንግሥት ግን ከማባረር ይልቅ መደልደል ይቀናዋል፤ እኛ የሆሳዕናና የዱራሜ ልጆች ይህንን ከቤታችን እናውቀዋለን።

ነገሩ የቆየ ነው። አዋጅ ቁጥር 7/1984 ሀዲያንና ከምባታን ከጉራጌ ጋር ክልል 7 ውስጥ አስገባቸው። ብዙም ሳይቆይ ከክልል 7 እስከ 11 ያሉት ተጠቃለው «ደቡብ» ተባሉ፤ መቀመጫውም ሐዋሳ ሆነ። የክልል ሥራ ያገኘ ሁሉ ጓዙን ጠቅልሎ ሐዋሳ ወረደ፣ እዚያው አገባ፣ ወለደ፣ ቤት ሠራ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ቢፒአር መጣና በሦስት ጠረጴዛ ይዞር የነበረው ጉዳይ በአንድ ፈጻሚ ይለቅ ተባለ። (ደመወዙ ግን የአንድ ሰው ነው!)

በነሐሴ 2015 ደግሞ ደቡብ ራሱ ፈረሰ። የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ቢሮዎች ሆሳዕናን፣ ወራቤን፣ ቡታጅራንና ወልቂጤን ጨምሮ በተለያዩ ከተሞች ተከፋፈሉ። ከምባታ ጠምባሮ ዞንም ለሁለት ሆነ። እንግዲህ አስቡት፦ ባል ሆሳዕና ተደለደለ፣ ሚስት ቡታጅራ፣ ልጆቹ ሐዋሳ ትምህርት ላይ። ሥራ አላጡም፤ ያጡት ቤታቸውን ነው። ሆሳዕና እንግዶቿን በደስታ ተቀበለች፣ አከራዮቿም እንዲሁ።

ስንት መዋቅር እንደሚሸከም በጀቱን የጠየቀው አልነበረም። በ2016 በሀዲያ ዞን መምህራን ደመወዝ ዘግይቶባቸው ማስተማር አቆሙ። መደባቸው ግን አልተነካም።