የጊዜ ግምት

የጊዜ ግምት የሰው አእምሮ ሰዓት ሳይመለከት የአንድን ቆይታ ርዝመት የሚመዝንበት ችሎታ ነው። ለማየት ዓይን፣ ለመስማት ጆሮ ቢኖርም ለጊዜ ብቻ የተሰጠ የስሜት ሕዋስ የለም፤ ግምቱ የሚገኘው ከትኩረት፣ ከትውስታና ከሰውነት ሁኔታ ቅንጅት ነው።

ጀርመናዊው ካርል ፊሮርት እ.ኤ.አ. በ1868 ባሳተመው ጥናት፣ ሰዎች አጭር ቆይታን አስረዝመው፣ ረጅሙን ደግሞ አሳጥረው እንደሚገምቱ አሳየ። ግኝቱ «የፊሮርት ሕግ» ይባላል። አሜሪካዊው ሃድሰን ሆግላንድ በ1933 ባወጣው ጽሑፍ፣ ትኩሳት የያዛት ባለቤቱ በየሰከንዱ አንድ እያለች እስከ 60 ስትቆጥር፣ የሰውነቷ ሙቀት በጨመረ ቁጥር ቆጠራዋ እንደሚፈጥን ገለጸ።

ከሙከራዎቹ ሁሉ ስመ ጥሩ የፈረንሳዊው የሥነ ምድር ተመራማሪ የሚሼል ሲፍር ነው። በ1962 ያለ ሰዓትና ያለ ፀሐይ ብርሃን በአልፕስ ተራሮች ዋሻ ውስጥ ሁለት ወር ያህል ኖረ። ሴፕቴምበር 14 ሲወጣ ዕለቱ ኦገስት 20 መስሎት ነበር። በአንድ ፈተና 120 ሰከንድ ልክ ቆጠርኩ ሲል፣ በሰዓት ሲለካ 5 ደቂቃ ያህል አልፎ ነበር።

ትኩረት ግምቱን በእጅጉ ይለውጠዋል። ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ልቡ ጊዜው ላይ ስለሆነ ደቂቃው ይረዝምበታል፤ በሥራ የተጠመደው ግን መምሸቱንም አያውቅ። ወደ ኋላ ሲታሰብ ነገሩ ይገለበጣል፤ በአዳዲስ ነገሮች የተሞላ ሳምንት ብዙ ትውስታ ስለሚተው፣ ከተለመደው ሳምንት ይልቅ ረጅም ሆኖ ይታወሳል።