ከምሽግ ወደ አትክልት ስፍራ፦ የቀድሞ ወታደሮች በእጅ ሥራና በተመስጦ የሚያገግሙባቸው ቆይታዎች

በእንግሊዝኛ “ሪትሪት” የሚባለው ቃል ሁለት ፍቺ አለው። ለወታደር ማፈግፈግ፣ ከጠላት ፊት ወደ ኋላ መመለስ ነው። ለመነኩሴና ለጸሎተኛ ደግሞ ከዓለም ግርግር ለጥቂት ቀናት ተለይቶ መሰንበት፣ በአማርኛው አነጋገር ሱባኤ መግባት ነው። ለቀድሞ ወታደሮች የሚዘጋጁት የማገገሚያ ቆይታዎች በዚህ ስም መጠራታቸው፣ ማፈግፈግን እንደ ውርደት ቆጥሮ ላደገ ሰው ጆሮ የሚጥም አይደለም። ይሁንና በአሜሪካም ሆነ በአውሮፓ ስሙ ጸንቷል።

በእነዚህ ቆይታዎች ተሳታፊዎች ከቤታቸው ርቀው ለጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት አብረው ይኖራሉ። የቀኑን ከፊል በእጅ ሥራ ያሳልፋሉ፤ አትክልት ይኮተኩታሉ፣ እንጨት ይጠርባሉ፣ ፈረስ ይንከባከባሉ ወይም ጥንታዊ ቅሪት ይቆፍራሉ። በቀረው ጊዜ በጸጥታ ይቀመጣሉ፤ ትንፋሻቸውን ያዳምጣሉ፤ ተመስጦ ወይም ሜዲቴሽን ይለማመዳሉ። ብዙዎቹ የሚመጡት እንቅልፍ እያጡ፣ በቅዠት እየባነኑ፣ በትንሹም በትልቁም እየተቆጡ ወይም በሠሩት አለዚያም ባዩት ነገር ሕሊናቸው እየወቀሳቸው ነው። ከአስደንጋጭ ክስተት በኋላ የሚመጣው የአእምሮ ጭንቀት፣ በምሕጻሩ ፒቲኤስዲ የሚባለው፣ በአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች መዝገብ ውስጥ በዚህ ስያሜ የገባው እ.አ.አ. በ1980 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሕመሙ ግን ከስሙ እጅግ ይቀድማል፤ በሥራና በጸጥታ ለማከም የተደረገው ሙከራም እንዲሁ።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት የብሪታንያ ሐኪሞች መናገር ያቃታቸው፣ የሚንቀጠቀጡ፣ መራመድ የተሳናቸው፣ ነገር ግን በገላቸው ላይ ቁስል የማይታይ ወታደሮች በብዛት ይመጡላቸው ጀመር። ቻርልስ ማየርስ የተባለው ሐኪም በየካቲት 1915 “ላንሴት” በተሰኘው የሕክምና መጽሔት ላይ ሕመሙን “ሼል ሾክ”፣ የመድፍ ድንጋጤ እንደማለት፣ ሲል ጠራው። በቀጣዩ ዓመት በስኮትላንድ መዲና በኤደንብራ ዳርቻ የሚገኘው ክሬግሎክሃርት የተባለ የውኃ ሕክምና ሆቴል የመኮንኖች ሆስፒታል ሆነ።

በዚያ ይሠሩ ከነበሩት ሐኪሞች አንዱ አርተር ብሮክ ነበር። ብሮክ የመድፍ ድንጋጤን የተረዳው ሰው ከአካባቢው፣ ከማኅበረሰቡና ከገዛ እጁ ጋር ያለው ትስስር እንደ መበጠስ አድርጎ ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ ዕረፍት ሳይሆን ሥራ ነው ብሎ ያምን ነበር፤ ዘዴውንም በሥራ ማከም የሚል ትርጉም ባለው በግሪክኛ ስም ጠራው። ምሳሌውም ከግሪክ አፈ ታሪክ የተወሰደ ነበር። አንቴዎስ የተባለው ግዙፍ፣ እናቱን ምድርን በነካ ቁጥር ኃይሉ ይታደሳል፤ ሄራክልስ ያሸነፈው ከመሬት አንሥቶ አየር ላይ በመያዝ ነው። ብሮክ ታማሚዎቹን እንደ አንቴዎስ ከመሬት የተነቀሉ አድርጎ ያያቸው ነበር። መሬት እንዲነኩ በእርሻና በአትክልት ሥራ አሰማራቸው፤ የአካባቢውን ተፈጥሮ እንዲያጠኑ፣ በከተማው ትምህርት ቤቶች እንዲያስተምሩ፣ የራሳቸውን መጽሔት እንዲያሳትሙ አበረታታቸው።

ከታማሚዎቹ አንዱ በሰኔ 1917 የገባው ወጣቱ ገጣሚ ዊልፍሬድ ኦወን ነበር። ኦወን የሆስፒታሉን መጽሔት አዘጋጀ፤ በታይንካስል ትምህርት ቤት ሥነ ጽሑፍ አስተማረ፤ ታማሚዎቹ ላቋቋሙት የተፈጥሮ ጥናት ማኅበርም “ዕፅዋት ያስባሉን?” በሚል ርዕስ ንግግር አደረገ። በነሐሴ ወር ሌላውን ገጣሚ ሲግፍሪድ ሳሱንን በዚያው ተዋወቀ፤ ዛሬ የሚታወቅባቸው ግጥሞችም ከዚያ በኋላ ተወለዱ። የሳሱን ሐኪም ዊልያም ሪቨርስ መንገዱ ለየት ያለ ነበር። ወታደሩ ትዝታውን አፍኖ እንዳይዝ፣ ይልቁንም በቀስታ እንዲያወራውና እንዲመረምረው ያደርግ ነበር።

ይህ ሁሉ ሲነገር የሆስፒታሉ ዓላማ ሊዘነጋ አይገባም። መኮንኖቹ የሚታከሙት ወደ ጦር ግንባር እንዲመለሱ ነበር። ኦወንም ተሽሎት ተመለሰ፤ ጦርነቱ ሊያበቃ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ኅዳር 4 ቀን 1918 በሰሜን ፈረንሳይ ተገደለ።

ክሬግሎክሃርት የመኮንኖች ነበር። ተራ ወታደሮች ከተላኩባቸው ስፍራዎች መካከል በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ዴቨን ውስጥ የሚገኘው የሲል ሄይን የእርሻ ኮሌጅ አንዱ ነው። ሐኪሙ አርተር ኸርስት በ1918 ታማሚዎቹን ወደዚያ አዛውሮ በእርሻና በቅርጫት ሥራ አሰማራቸው። ያስቀረጸው ፊልም እስከ ዛሬ ይታያል፤ በመጀመሪያ የሚንቀጠቀጠው ሰው ጥቂት ቆይቶ ቀጥ ብሎ ሲሄድ፣ ሲያርስ ያሳያል። ዘመናዊ ተመራማሪዎች ግን ፊልሙን በጥርጣሬ ያዩታል። አንዳንዶቹ “ከሕክምና በፊት” የተባሉት ትዕይንቶች በኋላ የተቀረጹ ሳይሆኑ አይቀሩም፤ የተፈወሱት ከዓመታት በኋላ የት እንደደረሱም የሚያሳይ በቂ ክትትል አልተደረገም። ይህ የክትትል ጉድለት መቶ ዓመት አልፎትም የዘርፉ ደካማ ጎን ሆኖ ቀጥሏል።

ከጦርነቱ በኋላ ሐሳቡ ወደ መንደርነት አደገ። በሃምፕሸር ኤንሃም የተባለው ስፍራ ከ1919 ጀምሮ የተጎዱ ወታደሮች ሙያ እየተማሩ የሚኖሩበት ሆነ። በዚያው ዓመት የተመሠረተውና ዛሬ “ኮምባት ስትሬስ” በሚል ስም የሚታወቀው የበጎ አድራጎት ድርጅት ደግሞ ከለንደን ወጣ ብሎ የአእምሮ ጉዳት ያለባቸው የቀድሞ ወታደሮች የኤሌክትሪክ ብርድ ልብስ የሚያመርቱበትን ፋብሪካ አቋቋመ።

ሁለተኛው ጅረት፣ ተመስጦው፣ የመጣው ከእስያ ነው፤ ያመጣውም የቬትናም ጦርነት መሆኑ የታሪክ ምጸት ነው። ቬትናማዊው የቡድሃ መነኩሴ ቲክ ናት ሃን በጦርነቱ ወቅት ሰላምን በመስበኩ ከአገሩ ተሰዶ፣ በ1982 በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ “ፕለም ቪሌጅ” የተባለውን ገዳም መሠረተ። በ1980ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ ለቬትናም ዘማቾች የጸጥታ ቆይታዎችን ማዘጋጀት ጀመረ። የገዛ ወገኖቹን ከወጉት ሰዎች ጋር በአንድ ክፍል ተቀምጦ ትንፋሽ መቁጠር ማለት ነው።

በእነዚህ ቆይታዎች ከተሳተፉት መካከል በ1966 እና 1967 በቬትናም የሄሊኮፕተር ባልደረባ የነበረው ክሎድ ቶማስ ይገኝበታል። ቶማስ ከጦርነቱ በኋላ በአደንዛዥ ዕፅ፣ በመጠጥና በቤት አልባነት ያሳለፋቸውን ዓመታት በኋላ በጻፈው መጽሐፍ ተርኳል። የጠላት ፊት አድርጎ ይመለከተው የነበረውን ፊት በመምህርነት ወንበር ላይ ሲያይ የተሰማውን ድንጋጤም አልሸሸገም። በ1995 የዜን መነኩሴ ሆነ፤ እርሱም በተራው ለቀድሞ ወታደሮች ቆይታዎችን ሲመራ ኖሯል።

በዜን ገዳማት ሥራ ከተመስጦ አይለይም። መጥረግ፣ ማገዶ መፍለጥ፣ ሰሃን ማጠብ ራሱ የልምምዱ አካል ነው። ይህ ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ አይደለም። በኢትዮጵያ ገዳማትም መነኮሳት ከጸሎትና ከአርምሞ ጎን ለጎን ተግባረ እድ የሚሉት የእጅ ሥራ አላቸው፤ ያርሳሉ፣ ይፈትላሉ፣ ቆዳ ይፍቃሉ። ልዩነቱ፣ ዛሬ ለወታደሮች የሚሰጠው ተመስጦ በአብዛኛው ከሃይማኖት የተለየ መሆኑ ነው። ለዚህ መንገድ የጠረገው ጆን ካባት-ዚን በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት የጀመረው የስምንት ሳምንት ሥልጠና ነው።

ከዛሬዎቹ ፕሮግራሞች በሥራው ልዩ የሆነው የቁፋሮው ነው። በ2011 የተጀመረው የብሪታንያ መከላከያ ሚኒስቴር “ኦፐሬሽን ናይቲንጌል” የቆሰሉ ወታደሮችን ከአርኪዮሎጂስቶች ጋር በሳልዝበሪ ሜዳ አሰማርቶ የአንግሎ ሳክሰን መቃብሮችን አስቆፍሯል። ሥራው ለወታደር የተበጀ ይመስላል። መሬትን በጥንቃቄ ማንበብ፣ በቡድን መንቀሳቀስ፣ ዝናብና ጭቃን መታገሥ ቀድሞ የሚያውቀው ነገር ነው፤ ነገር ግን በመሬት ውስጥ የተቀበረውን የሚፈልገው ፈንጂ ስለሆነ አይደለም። ከ2015 ጀምሮ ደግሞ “ዋተርሉ አንከቨርድ” የተባለ ድርጅት የቀድሞ ወታደሮችን ናፖሊዮን ወደ ተሸነፈበት የቤልጅየም ሜዳ ይወስዳል። በ2019 የጦር ሜዳ ሆስፒታል በነበረው ሞን ሴን ዣን በተሰኘ የእርሻ ቦታ ሲቆፍሩ የተቆረጡ እግሮች አጥንት አግኝተዋል። ጦርነት ሰውን ምን እንደሚያደርገው ለሚያውቁ ቆፋሪዎች ይህ ተራ ግኝት ሊሆን አይችልም።

በአሜሪካ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩበት የዋሽንግተን አካባቢ በስተምዕራብ በብሉሞንት ቨርጂኒያ ያለው “ቦልደር ክረስት” በ2013 ተከፍቷል። መሥራቹ በባሕር ኃይል የፈንጂ አምካኝ የነበረ ሰው ነው። ዋና ፕሮግራሙ የሰባት ቀን ቆይታ ሲሆን ቀስት መወርወርን፣ ከፈረስ ጋር መሥራትንና ተመስጦን ያካትታል። ተሳታፊው ከሄደ በኋላም ክትትሉ ለወራት ይቀጥላል።

እጅ ሥራ ላይ ሲሆን አእምሮ ለምን ይረጋጋል? በጦርነት የኖረ ሰውነት አደጋ ካለፈም በኋላ ዘብ መቆሙን አይተውም። በር ሲንኳኳ ይደነግጣል፤ በሰው መካከል ጀርባውን ለግድግዳ ይሰጣል። “ዝም ብለህ ተቀመጥ፣ ተረጋጋ” የሚለው ምክር እንዲህ ላለው ሰው ትእዛዝ እንጂ እርዳታ አይደለም። መጥረቢያ ወይም ችግኝ የያዘ እጅ ግን ትኩረትን ወደ አሁኗ ቅጽበት ይስባል፤ ድካሙም ለእንቅልፍ ይረዳል። ሌላም ጥቅም አለው። ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ሲቆፍሩ፣ ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ፣ ለሐኪም ያልተነገረ ነገር ሊወጣ ይችላል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ በ2004 “ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን” ላይ የወጣ ጥናት፣ ከኢራቅና ከአፍጋኒስታን ተመልሰው የአእምሮ ሕመም ምልክት ከታየባቸው አሜሪካውያን ወታደሮች እርዳታ የፈለጉት ከ23 እስከ 40 በመቶ የሚሆኑት ብቻ እንደነበሩ አሳይቷል።

ጥናቶቹ የሚናገሩት ተስፋ ሰጪ ነው፤ ተአምር ግን አይደለም። በ2015 በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት የታተመው ጥናት በሚኒያፖሊስ 116 የቀድሞ ወታደሮችን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን በተመስጦ፣ ግማሹን በቡድን ምክክር ረዳ። ከሕክምናው ሁለት ወር በኋላ ከተመስጦው ቡድን 49 በመቶ ያህሉ፣ ከሌላው 28 በመቶው ጉልህ መሻሻል ተናገሩ። ሕመሙ ከነጭራሹ የለቀቃቸው ሰዎች ቁጥር ግን በሁለቱ መካከል ይህን ያህል አልተለያየም፤ ከተመስጦው ያቋረጡትም ይበዙ ነበር። በ2018 በ203 ሰዎች ላይ የተደረገ ሌላ ጥናት፣ በልብ የሚደገም ቃልን የሚጠቀም የተመስጦ ዓይነት፣ ታማሚው የሸሸውን ትዝታ ደጋግሞ እንዲጋፈጥ ከሚያደርገው የታወቀ ሕክምና እንደማያንስ አመልክቷል። ከአጥኚዎቹ አንዳንዶቹ ይህንኑ ተመስጦ ከሚያስፋፋ ዩኒቨርሲቲ መሆናቸውን ግን አንባቢ ሊያውቀው ይገባል። እነዚህ ሁሉ በየሳምንቱ ለሚደረግ ሥልጠና የተሠሩ ናቸው፤ አዳሪ ቆይታዎቹ ራሳቸው በዚህ ጥብቅነት የተመረመሩት በጥቂቱ ነው።

በሌላ በኩል የተለመደው ሕክምናም ሁሉን አይፈውስም። በዚያው በ2015 የወጣ የጥናቶች ግምገማ፣ ዋና ዋናዎቹን የንግግር ሕክምናዎች ከወሰዱ ወታደሮች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ከሕክምናው በኋላም ፒቲኤስዲ እንዳለባቸው ደምድሟል። ሰዎች ሌላ በር የሚያንኳኩት ከዚህ የተነሣ ነው።

ጸጥታ ለሁሉም ሰው ደኅና አይደለም። ዓይን ጨፍኖ ለሰዓታት መቀመጥ የታፈነውን ትዕይንት፣ ድምፁንና ሽታውን ሳይቀር መልሶ ሊያመጣ ይችላል። በአሜሪካ የብራውን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2017 ባወጡት ጥናት፣ ከተመስጦ ጋር ተያይዞ ፍርሃት፣ እንቅልፍ ማጣትና ያለፈ ሰቆቃ ተመልሶ መምጣት የደረሰባቸውን ሰዎች ተሞክሮ መዝግበዋል። ጠንቃቃ አስተማሪዎች በዚህ ምክንያት ተሳታፊው ዓይኑን እንዲገልጥ፣ በሩን ማየት ወደሚችልበት እንዲዞር፣ ሲከብደው ያለ ይቅርታ ተነሥቶ እንዲወጣ ይፈቅዳሉ። ችግሩ፣ “የማገገሚያ ቆይታ” የሚል ማስታወቂያ ለመለጠፍ በብዙ ቦታ የሕክምና ፈቃድ አለመጠየቁ ነው። አንድ ሰው ከመመዝገቡ በፊት በስፍራው የአእምሮ ጤና ባለሙያ መኖሩን፣ መድኃኒቱን አቋርጥ የሚለው ሰው አለመኖሩን፣ ከቆይታው በኋላ ማን እንደሚከታተለው መጠየቅ ይገባዋል። የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉ ይከብዳል። ስምንተኛው ቀን ሰኞ ነው፤ ያው ቤት፣ ያው ዕዳ፣ ያው የተኳረፈ ትዳር ይጠብቃል።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ ሩቅ አይደለም። በ1991 የደርግ ሠራዊት ሲበተን በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ወታደሮች ወደየቀያቸው ተመልሰዋል፤ ወደ ገጠር ለሄዱት ድጋፉ ያተኮረው በመሬት፣ በዘርና በእህል ላይ ነበር። ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ የተቋቋመው ብሔራዊ የተሐድሶ ኮሚሽንም ከ371 ሺህ በላይ የቀድሞ ታጣቂዎችን ወደ ሲቪል ሕይወት የመመለስ ዕቅድ ይዞ ተነሥቷል። በእስራኤልና በአሜሪካ ጦር ውስጥ ያገለገሉ ትውልደ ኢትዮጵያውያንም አሉ። ለእነርሱም ሆነ ለቤተሰባቸው የቋንቋና የይሉኝታ ግድግዳ እርዳታ መጠየቅን ያከብደዋል።

በአሜሪካ የሚኖር የቀድሞ ወታደር ወይም ስለ እርሱ የተጨነቀ ቤተሰብ በማንኛውም ሰዓት 988 ደውሎ 1 ቁጥርን በመጫን ለቀድሞ ወታደሮች የተመደበ አማካሪ ማነጋገር ይችላል። “ቬት ሴንተር” የተባሉት ማዕከላትም በጦርነት ለተሳተፉት ነጻ ምክክር ይሰጣሉ። በእንግሊዝ ተመሳሳይ አገልግሎት የሚሰጠው “ኦፕ ከሬጅ” የተባለው የብሔራዊ ጤና አገልግሎት ክፍል ነው፤ ታማሚው ራሱ ወይም ቤተሰቡ በቀጥታ ሊጠይቀው ይችላል።