ኩላሊት፣ ውሃና ጊዜ

የሰው ኩላሊት በአንድ ቀን ውስጥ ወደ 180 ሊትር የሚጠጋ ፈሳሽ ከደም አጣርቶ አብዛኛውን መልሶ ለሰውነት ያስረክባል፤ በሽንት መልክ የሚወጣው አንድ ወይም ሁለት ሊትር ብቻ ነው። ብዙ ደም ሲፈስ፣ ተቅማጥ ሰውነትን ሲያደርቅ፣ ወባ ወይም የደም መመረዝ ሲጸና፣ ይህ ድንቅ ማጣሪያ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ሥራውን ሊያቆም ይችላል። ሐኪሞች አጣዳፊ የኩላሊት ጉዳት የሚሉት ይህንኑ ነው። ሥር ከሰደደው የኩላሊት ሕመም የሚለይበት ዋና ነገርም፣ ሕመምተኛው አስጊዎቹን ሳምንታት ከተሻገረ ኩላሊቱ ብዙ ጊዜ የሚያገግም መሆኑ ነው። ስለዚህ የበሽታው ታሪክ፣ ሕሙማንን የማሻገር ጥረት ታሪክ ነው። (የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለንደን በቦምብ ስትደበደብ፣ ከፈረሱ ቤቶች ሥር በሕይወት የወጡ አንዳንድ ሰዎች ደኅና መስለው ከቆዩ በኋላ ሽንታቸው እየቀነሰ በአንድ ሳምንት ገደማ ይሞቱ ነበር። ባይዎተርስና ቢል የተባሉ ሐኪሞች በ1941 ይህን ሁኔታ መዝግበው ለሙያ ባልደረቦቻቸው አሳወቁ። በ1943 ደግሞ ሆላንዳዊው ሐኪም ቪለም ኮልፍ፣ አገሩ በጀርመን ተይዛ ሳለ፣ በካምፐን ከተማ የቋሊማ መጠቅለያ ሴሎፎን በሚሽከረከር ከበሮ ላይ ጠምጥሞ የመጀመሪያውን ሰው ሠራሽ ኩላሊት ለሕክምና አዋለ። ከመጀመሪያዎቹ ሕሙማን አብዛኞቹ ሞቱ። በ1945 ግን አንዲት የ67 ዓመት ሴት በመኪናው ረዳትነት ዳኑ። በኮሪያ ጦርነትም መሣሪያው ወደ ግንባር ቀርቦ ሲሠራ፣ ኩላሊታቸው ከቆመ ቁስለኞች ቀደም ሲል ከመቶ ዘጠና ገደማ የነበረው ሞት ወደ ግማሽ ዝቅ አለ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በ1994 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት የታተመ አንድ ጥናት በአዲስ አበባ በዚሁ ሕመም የተያዙ 136 ሰዎችን መርምሯል። በእኛ ዘንድ ኩላሊትን ከሚጎዱት ምክንያቶች ወባና ንጽሕና በጎደለው ውርጃ ሳቢያ የሚመጣ መመረዝ ይገኙበታል። ሁለቱም አስቀድሞ መከላከል የሚቻልባቸው ናቸው። የኩላሊት እጥበት አገልግሎትም ቀስ በቀስ ሰፍቷል፤ በ2015 በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የኩላሊት ንቅለ ተከላ ተጀመረ። ዛሬ የጉርድ ሾላ ነዋሪ በመገናኛ በኩል ወደ ምዕራብ ቢጓዝ፣ በዚያው በየካ ክፍለ ከተማ ባለው በዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የእጥበት ክፍል ያገኛል። ከወባማ ቆላ ለሚመጣው ሕመምተኛ ግን መንገዱ ይህን ያህል አጭር አይደለም።

እዚህ ላይ የመሐንዲሱ ድርሻ ይመጣል። አንድ የአራት ሰዓት እጥበት ወደ 120 ሊትር የሚጠጋ ውሃ ይፈልጋል። ከለገዳዲ ግድብ ተጣርቶ የሚመጣው የከተማ ውሃ ለመጠጥ የተዘጋጀ ነው፤ በስስ ገለፈት ብቻ ከደም ጋር ለሚገናኝ ውሃ ግን ይህ ንጽሕና አይበቃም። ክሎሪኑና የማጥሪያው አሉሚኒየም ሳይቀሩ መወገድ አለባቸው። በ1996 በብራዚል ካሩአሩ ከተማ፣ በአልጌ መርዝ የተበከለ ውሃ ወደ እጥበት መኪናዎች ገብቶ ከ50 የሚበልጡ ሕሙማንን ገደለ። መኪናው በሚገባ እየሠራ ሰው ሊሞት እንደሚችል ከዚህ እንማራለን። የውሃ ማጣሪያው፣ የኤሌክትሪክ መስመሩና የመለዋወጫው አቅርቦት ከመኪናው እኩል ሊታሰብባቸው ይገባል።

ይሁንና ብዙ ሕይወት የሚያድነው ከመኪናው በፊት የሚሠራው ሥራ ነው። በ2012 የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ፣ የሕመምተኛው ሽንት ለ6 ሰዓት በሰዓት ከ0.5 ሚሊሊትር በኪሎ ካነሰ፣ ወይም በደም ውስጥ ያለው ክሪያቲኒን በ48 ሰዓት ውስጥ በ0.3 ሚሊግራም በዴሲሊትር ከጨመረ፣ አደጋው እንደ ጀመረ ይቆጠራል ይላል። ለፊተኛው ምልክት የሚያስፈልገው ምልክት ያለበት መለኪያ፣ ሰዓትና ትጉህ ነርስ ነው። በጊዜው ከታወቀ የጎደለውን ፈሳሽ መተካት፣ ኩላሊት የሚጎዳውን መድኃኒት ማቆምና መነሻ በሽታውን ማከም ይቻላል። የዓለም የኩላሊት ሐኪሞች ማኅበር በ2025 መከላከል ሲቻል በዚህ ሕመም የሚሞት ሰው እንዳይኖር ዓላማ አቁሞ ነበር፤ ዓመቱ ደረሰ፣ ሞቱ ግን አልቆመም።

እኛ መሐንዲሶች ሆስፒታል ስንነድፍ ስለ አልጋው ቁጥር ብዙ እንነጋገራለን። የውሃው ንጽሕና፣ የመብራቱ አለመቋረጥና በቅርብ የሚደርስ ላቦራቶሪም ከመጀመሪያው ንድፍ ላይ ይስፈሩ። ኩላሊቱ እስኪያገግም ድረስ ሕመምተኛውን የሚያሻግረው ድልድይ የሚገነባው ከእነዚህ ነውና።